የኢንጂነሩ ቤት

ባሏን ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነሩ» ይለው ነበር። የተማረ መሐንዲስ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው የመሥሪያ ቤት ዕቃ ግዢ ነው። ስሙ የወጣለት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ ቤት እያዞረ ሲያሳይ «ይህን ሁሉ በእጄ ነው የጠገንኩት፤ ለባለሙያ ሰባራ ሳንቲም አልከፈልኩም» ስለሚል ነው።

የጠገነችው እሷ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። የጀመረችው በሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነው። ለቧንቧ ሠራተኛ የሚከፈል ገንዘብ ሲያጥር፣ ሰውየው ጎረቤት ሲሠራ አጠገቡ ቆማ እጁን አየች፤ መፍቻ ተዋሰችና ያለቀውን ጎማ ራሷ ቀየረች። ከዚያ በኋላ እጇ አላረፈም። የተሰነጠቀ ግድግዳ ለሰነች፤ ጣሪያ ላይ ወጥታ የቆርቆሮውን ቀዳዳ በሬንጅ ደፈነች፤ ክረምት ሊገባ ሲል ከአሸንዳው የበሰበሰ ቅጠል በባልዲ አወረደች። መሰላሉን የሚይዙላት ከኋላ ባለችው ክፍል የሚኖሩት አማቷ ብቻ ነበሩ። ባሏ «አቧራ አታስነሺብኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረውም።

አንድ ቀን ሌላ ሴት እንደሚያመጣ ነገራት። ቤቱ የአባቱ ስለሆነ የምትወጣው እሷ ናት። የሁለቱም ዘመዶች ተሰብስበው «ለድካሟ የሚሆን ነገር አስብላት እንጂ» ቢሉት ሳቀ።

«የምን ድካም? እዚህ ቤት ላይ አንዲት ምስማር አልመታችም!»

አማቷ ሊናገሩ ብድግ ሲሉ እጃቸውን ያዘች። «ይተዉት፣ እማማ። እውነቱን ነው። እኔ ስለዚህ ቤት የማውቀው ነገር የለም።»

ልብሷንና መሣሪያዋን ብቻ ይዛ ወጣች። በር ላይ ያለው የውሃ መዝጊያ ዝጎ ከደረቀ ዓመታት ማለፋቸውን አልነገረችውም። የሚሠራው መዝጊያ ከኩሽናው ቁም ሳጥን ጀርባ መሆኑን፣ እዚያው ያለው የቧንቧ መጋጠሚያ በየወሩ ካላጠበቁት እንደሚላላም አልነገረችውም። አንዲት ክፍል ተከራይታ የሰው ቤት ትጠግን ጀመር። ሰማዩ ሲያጉረመርም ሌላው ልብስ ከገመድ ላይ ሊያወርድ ይሮጣል፤ እሷ ደጃፏ ላይ ቆማ ደመናውን ታያለች። «በርታ» ትለዋለች በልቧ።

ክረምቱ ሲጋመስ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ሰላምታ የለም።

«የውሃው መዝጊያ የት ነው?»

ከኋላው ውሃ ይንሿሿል፤ ሴት ትጮኻለች።

«የቱ መዝጊያ?»

«አትቀልጂብኝ! የሳሎኑ ኮርኒስ ወርዷል፤ የኩሽናው ቧንቧ ፈንድቷል፤ የበሩን ባዞረው ባዞረው እንቢ አለኝ!»

«እኔ በምን አውቄ? አንዲት ምስማር ያልመታሁ ሴት! ኢንጂነሩ የለም እንዴ? እሱን ጠይቀው።»

ዘጋችበት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ የኋላዋ ክፍል ትዝ አለቻት። ከሌላው ቤት በአንድ ደረጃ ዝቅ ትላለች። ውሃው መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ይህን ያወቀችው ዛሬ አይደለም፤ እያወቀችው ሳታስበው ነው የከረመችው።

ታክሲ ይዛ በረረች። ጎረቤት በር ላይ ተኮልኩሏል። ሱሪውን ጠቅልሎ ባልዲ የያዘው ባሏ ሲያያት ፊቱ በራ።

«መጣሽልኝ! የት ነው? አሳዪኝ!»

ቀና ብላም ሳታየው አለፈች። አማቷ እግራቸውን አልጋ ላይ ሰብስበው፣ ልብሳቸውን በፌስታል አቅፈው ተቀምጠዋል። ውሃው ቁርጭምጭሚት አልፏል። አዘለቻቸው። በኩሽናው በኩል ሲያልፉ አሮጊቷ ጆሮዋ ላይ «ዝጊለት እንጂ፣ ልጄ» አሏት።

«አልዘጋም።»

ከጎረቤቶቹ አንዱ ሳቁን አፍኖ «ኢንጂነሩ፣ ቤቱ ምን ነካው?» ሲል ሰምታለች። አማቷን ይዛ ወደ ተከራየቻት ክፍል ሄደች።

ባሏ የቀጠረው ቧንቧ ሠራተኛ መዝጊያውን እስኪያገኝ ግድግዳውን ሦስት ቦታ አፈረሰው። የሳሎኑ እንጨት ወለል አብጦ ተነሳ። አዲሲቱ ሴት እህቷ ቤት ሄዳ ቀረች። ኢንጂነሩ በአሥራ አንድ ዓመት ቆጠብኩ ያለው ሁሉ በአንድ ክረምት ወጣ፤ ያም ሆኖ ቤቱ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ይህን ወሬ የሰማች ቀን ጥሩ ዕንቅልፍ ተኛች።

አማቷ ግን ብርዱ ገብቷቸው ሦስት ሳምንት ሳሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ትራሳቸውን ስታስተካክል እጇን ያዙ።

«ውሃው ወደ እኔ እንደሚመጣ ታውቂ ነበር?»

ልትዋሽ ትችል ነበር።

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«በእሱ ላይ ያደረግሽውስ ይቆጭሻል?»

«አይቆጨኝም። የእርስዎ ነው የሚቆጨኝ።»

አሮጊቷ ሳይዞሩ፣ ለመድኃኒታቸው እጃቸውን ዘረጉ።