የሒሳብ ፈተናው እስኪያልቅ

የማስተምረው ሰበታ ነው። ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና እንድፈትን ቡራዩ ተመደብኩ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ተማሪዎቹ እየተፈተሹ ሲገቡ፣ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ በሩ ላይ እጄን ያዙኝ።

«አካም ቡልተኒ፣ እንደምን አደሩ፣ መምህር። የመፈተኛ ክፍል ቁጥር አራት ፈታኝ እርስዎ ነዎት አሉኝ። ደቻሳ እባላለሁ።» ዓይናቸው ቀልቷል። «የወንድሜ ልጅ ላሊሴ እርስዎ ጋ ናት። አባቷ ሌሊት ሆስፒታል አረፈ። እሷ አልሰማችም። የቀራት ሒሳብ ብቻ ነው፤ መርዶውን ስትጨርስ እንነግራታለን። ቀድማ እንዳትወጣ፣ አደራ!»

«እሺ፣ ኦቦ ደቻሳ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ስልክ ቁጥሬን ተቀብለውኝ ሄዱ።

ላሊሴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፤ ቀጭን፣ ሹሩባዋ ገና ትናንት የተሠራ የሚመስል። አንገቷን ደፍታ ስትሠራ ቆየችና ከአንድ ሰዓት በኋላ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጨርሻለሁ። ልውጣ?»

«ገና ነው። ከልሺው።»

«ከልሻለሁ። አባቴ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ምሳ የማደርስለት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሲያጎርሰው እሺ አይልም።»

«ይደርሳል» አልኳት። «ቁጭ በዪ።»

ተቀመጠች፤ ግን ልቧ ወጥቷል። መስኮቱን ታያለች፣ ወረቀቱን ታያለች። ኋላ ላጲስ አንሥታ መልሶቿን ማጥፋት ጀመረች። በአጠገቧ ሳልፍ አየሁ፤ ትክክለኛውን አጥፍታ ስህተቱን ስታጠቁር። ፈታኝ አይናገርም። አለፍኩ።

ደወሉ እንደተደወለ ቀድማ ወጣች፤ ክፍሉን ለረዳት ፈታኙ ትቼ ተከተልኳት። ከግቢው በር ውጭ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ቆመዋል፤ ኦቦ ደቻሳ ከፊታቸው። ላሊሴ ባለችበት ቀረች። አላለቀሰችም። ዞር ብላ እኔን ፈለገች።

«ቲቸር፣ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ይደርሳል አሉኝ እኮ።»

ሴቶቹ ደርሰው አቀፏት። ጩኸቷን የሰማሁት ክፍል ተመልሼ የመልስ ወረቀት ስሰበስብ ነው። አንዱን ረድፍ ሳልሰበስብ ወጣሁ፤ ረዳት ፈታኙ ጠርቶ መለሰኝ።

ነሐሴ ላይ ኦቦ ደቻሳ ደወሉ።

«አለፈች፣ መምህር! ሒሳቡ ብቻ ነው ዝቅ ያለባት።»

«እሷስ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ብቻ ከእኛ ጋር ብዙ አታወራም። እዚሁ ናት፣ ላገናኝዎት።»

ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ላሊሴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«እሺ፣ ቲቸር» አለችና ስልኩን ለአጎቷ መለሰችላቸው።