ያላንቺ አይደምቅም

ቀይ ቀለም ተንኮለኛ ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ እንደነገርኳቸው ይሆናሉ። ቀይ ግን ስለምነው ሮዝ ይሆናል፣ ስጫነው ይመራል። ኬክ ሳለብስ ኖሬ ያወቅሁት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ሌላውን ማንም ያውቀዋል።

የወንድሜ ልጅ ሰኞ ደወለችልኝ። ሚጡ ነው የምላት፤ ቁመቷ እኔን በልጦ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። ልታገባ መሆኑን ከሰው ሰምቻለሁ። ከአባቷ ጋር እናታችንን ከቀበርን ወዲህ ተዘጋግተናል። አንድ ቃል እሱ ተናገረ፣ አንድ ቃል እኔ መለስኩ፣ ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ዝም አልን። እኛ ቤት ያስተማሩን ኩርፊያ እንጂ ዕርቅ አልነበረም።

"አክስቴ፣ ኬኩን አንቺ ነሽ የምትሠሪልኝ። ቀይ ይሁን።"

"ቀይ አንድ ዓይነት ብቻ መሰለሽ? የቲማቲም አለ፣ የጽጌረዳ አለ..."

"እኔ እንጃ። ብቻ ያላንቺ አይደምቅም። አድምቂልኝ፣ እሺ?"

"እሺ፣ የእኔ እናት።"

አዳራሹ የት እንደሆነ ነግራኝ ስልኩን ዘጋችው። "ነይ" የምትለዋን ቃል ስጠብቅ ነበር፤ አላለችም። የጥሪ ካርድም አልመጣልኝም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ግን የሙሽራውን እናት ቀሚስ ስለሰፋች ደርሷታል፤ ሰው እንዲያየው መስታወቷ ላይ ሰክታዋለች። ለልብስ ሰፊ ካርድ ይሄዳል፣ ለአክስት የቀለም ትእዛዝ ይመጣል።

ሆድ እየባሰኝ ሥራ ጀመርኩ። ኬኩ የሚለብሰውን ነጭ የስኳር ሊጥ፣ ፎንዳንት የምንለውን፣ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ። ፈሳሽ ቀለም ሊጡን ያላላዋል፤ ስለዚህ ወፍራሙን የቀለም ጄል በስንጥር እየጨለፍኩ ከሊጡ ጋር አሸሁት። ጓንት አድርጌ እንኳ ቀዩ ጣቴ ድረስ ዘለቀ። መጀመሪያ የሕፃን ድድ መሰለ። ጀማሪ የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለም ይጨምራል፣ አሁንም ይጨምራል፣ ኬኩ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ቀይ የሚፈልገው ጊዜ ነው። በላስቲክ ጠቅልዬ አሳደርኩትና ጠዋት ስገልጠው፣ ማንም ሳይነካው በራሱ ጠልቆ አገኘሁት። ብቻውን ተቀምጦ የሚያምርበት እሱ ብቻ ነው አልኩ። የሚሰማኝ ስላልነበረ ሳቁም ለእኔው ቀረ።

ኬኩን አልብሼ ስጨርስ፣ ሊጡ እንዳይጣበቅ የነሰነስኩት የበቆሎ ስታርች አመዳም አድርጎት ነበር። ቀይ የዱቄት ቀለም በአልኮል በጥብጬ በለስላሳ ብሩሽ ደጋግሜ ቀባሁት። በመጨረሻ የማንቆርቆሪያ እንፋሎት ራቅ አድርጌ አሳየሁት፤ አመዱ ጠፋ፣ ቀዩ ቦግ አለ። እንዲህ ያለ ቀይ ሠርቼ አላውቅም። ፀሐይ እንዳያነጣው መጋረጃውን ዘግቼ፣ ከኬኩ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ኑ እዩልኝ የምለው አንድ ሰው እንኳ አልነበረኝም፤ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ኬኮቼን የሚያደርስልኝ ሾፌር ሊወስደው መጣ።

"አብረን አንሄድም?" አለኝ፣ የመኪናውን በር እንደከፈተ።

"ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት እንድባል ነው? ይልቅ ጉድጓዱን እያየህ ንዳ።"

ቤት ገብቼ የታጠበ ዕቃ እንደገና አጠብኩ። ስልኩን እንዳይርቀኝ መደርደሪያው ላይ አድርጌዋለሁ። አሁን ትደውላለች፣ አሁን ነይ ትለኛለች እያልኩ ዋልኩ። ሊመሽ ሲል ጮኸ።

"አክስቴ፣ ምነው?" አለች ሚጡ። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

"ምን ሆነ? ተሰነጠቀ እንዴ?"

"ምኑ?"

"ኬኩ ነዋ። ቀዩ አልደመቀም?"

"ኬኩን ማን አለሽ? አድምቂልኝ ያልኩሽ እኮ ሠርጉን ነው። ያላንቺ አይደምቅም አልኩሽ እኮ። አባዬ እሷ ሳትመጣ ኬክ አይቆረጥም ብሎ በር በሩን ሲያይ ዋለ፤ ሰዓቱ ሲገፋ ቆረጥነው። እኛ አሁን መሄዳችን ነው፣ መኪናው እየጠበቀን ነው።"

ስልኩ ተዘጋ። ዕድሜዬን ሙሉ ማድመቅ የሚለውን ቃል ለቀለም ብቻ ስጠቀምበት፣ ቤትም በሰው እንደሚደምቅ ረስቼው ኖሯል። ሽርጤን ሳላወልቅ ወጣሁ።

ስደርስ ሙሽሮቹ ሄደዋል። የአዳራሹ ሠራተኞች ወንበር ይደራርባሉ፣ ወለል ይጠርጋሉ። ከኬኩ የቀረው ትሪው ላይ ያለ ፍርፋሪ ነው። ወንድሜ ዳር ካለው ጠረጴዛ ብቻውን ተቀምጧል፤ ኮቱን አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ አንጥፎታል። ፀጉሩ ሙሉ ለሙሉ ሸብቷል። ማንም አልነገረኝም ነበር።

"አሁን ነው የሚመጣው?" አለኝ።

"ማን ጠራኝና?"

ቀና ብሎ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ግራ ገብቶት ነው የሚያየኝ።

"ሰው የገዛ እህቱን ይጠራል እንዴ?"

ሽርጤ ላይ የደረቀውን ቀይ በጥፍሬ ፋቅሁ። ወንበር የሚሰበስበው ሠራተኛ ወደ እኛ መጣና ኮት የተነጠፈበትን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

"እሱን ተወው፤ ሰው አለው" አለ ወንድሜ።