የዳኛው የጾም ብስኩት

በእትዬ ታንጉት እጅ የማይጣፍጥ ነገር እንደሌለ ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቃል። ያላወቀ ካለም ራሳቸው ይነግሩታል። ቦንጋ ገበያ አጠገብ ሃያ ሁለት ዓመት ምግብ ቤት ሲሠሩ «ጨው አንሶታል» ያላቸው ደንበኛ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ጉንፋን ይዞት ነበር ብለው ምረውታል።

ታዲያ በነሐሴ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አብረዋቸው የሚኖሩት የወንድማቸው ልጆች፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ዝማሬና የሰባት ዓመቷ ሔርሜላ፣ ስልክ ይዘው መጥተው ለውሻ ብስኩት እንጋግር አሏቸው።

ውሻቸው ዳኛው ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰውን ከእግር እስከ ራሱ የሚያይበት ዓይኑ ነው። በዚያ ሳምንት ታች ሰፈር ያበደ ውሻ ታይቶ ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌው ግቢ ክትባት ይሰጣል፤ ያልተከተበ ውሻ ሰፈር ውስጥ እንዳይቆይም ጎረቤቱ ተስማምቷል። እንዳይቆይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጆቹ ገብቷቸዋል፤ ሔርሜላ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል በቅጡ አልቀመሰችም። ዳኛው ደግሞ አምና በገመድ ተጎትቶ ከተከተበ ወዲህ፣ ገመድ ካየ አጥር ዘሎ ይጠፋል። በሆዱ ካልተያዘ በሌላ አይያዝም።

«እንቁላልና የአጥንት መረቅ ያስፈልጋል» አለች ዝማሬ ከስልኩ እያነበበች።

«በፍልሰታ? በኔ ድስት?»

«ዳኛው እኮ አይጾምም፣ አክስቴ።»

«ድስቱ ይጾማል።»

ስለዚህ ዱባ ተቀቀለ፣ ለውዝ ተቆልቶ ተወቀጠ፣ በገብስ ዱቄት ተለወሰ። የእትዬ ታንጉት እጅ ሳይታዘዝ ወደ ነጭ ሽንኩርቱ ሄደ።

«ነጭ ሽንኩርት ውሻ ያማል ይላል።»

«ጨውስ?»

«ጨውም ይቅር ይላል።»

«ኮረሪማ ቆንጠር ባደርግበት?»

«አክስቴ፣ ለዳኛው ነው እንጂ ለሠርግ አይደለም።»

«በሩን ዝጉልኝ» አሉ እትዬ ታንጉት። «እንዲህ ያለ ሊጥ ሳቦካ ሰው እንዳያየኝ።»

ሔርሜላ ሊጡን በአጥንት ቅርጽ ቆራረጠች፤ ግማሹ ጆሮ መሰለ። በብረት ድስት ከላይም ከታችም ፍም ተደርጎበት በሰለ።

በሩ መዘጋቱ ሳይሆን አይቀርም ጎረቤታቸውን ጋሽ ፍቃዱን የጠራቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የተዘጋ በር አያስችላቸውም። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ሳህኑን አዩ።

«የጾም ነው?»

«የጾም ነው» አለች ሔርሜላ፣ መዋሸት ስለማትችል።

ጋሽ ፍቃዱ አንድ አነሱ። ሁለት። ልጆቹ ሳህኑን እያዩ ይቆጥራሉ። ስድስተኛው ላይ ጋሽ ፍቃዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መቼም እጅሽ እጅ ነው፣ ታንጉት። ጨው ብቻ አንሶታል።»

እትዬ ታንጉት ዝም ቢሉ ስማቸው ሊጠፋ፣ ቢናገሩ ሰውየው ሊያፍሩ ነው። ስማቸውን መረጡ።

«የውሻ ነው፣ ጋሽ ፍቃዱ።»

ጋሽ ፍቃዱ ማኘካቸውን አቁመው ትንሽ አሰቡ። ዋጡት። «ዳኛው ታድሏል» አሉና ሰባተኛውን አነሱ።

ቅዳሜ ጠዋት የቀሩትን በፌስታል ይዘው ወጡ። እትዬ ታንጉት ከፊት፣ ዳኛው ከኋላቸው፣ ልጆቹ ከዳኛው ኋላ። በየሃያ እርምጃው አንድ ብስኩት ይወድቃል፤ ዳኛውም ግብር እንደሚቀበል ሹም እየተጎማለለ ያነሳል። የቀበሌው በር ለመድረስ አርባ እርምጃ ያህል ሲቀር ፌስታሉ ባዶ ሆነ። ከውስጥ የሌላ ውሻ ጩኸት ተሰማ። ዳኛው ጆሮውን አጥፎ ወደመጣበት ዞረ። ሔርሜላ መንገዱን ዘጋችበት።

እትዬ ታንጉት ፌስታሉን መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ፍርፋሪ ወጣ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉለት፤ ዳኛው አሸተተ፣ ላሰ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ተከተለ። ጭቃው ላይ፣ በነጭ ነጠላቸው፣ እንደጎነበሱ የኋልዮሽ ሄዱ።

አንድ ባጃጅ ቆመ። «እትዬ ታንጉት፣ ዛሬ በኋላ ማርሽ ነው የሚሄዱት?»

«አንተ የራስህን መሪ ያዝ» አሉት፣ ቀና ሳይሉ።

ግቢው ሲደርሱ የእንስሳት ሐኪሙ መርፌውን ወጋ፤ ዳኛው የእትዬ ታንጉትን መዳፍ እንደላሰ ነው፣ ዞሮም አላየ። ሔርሜላ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ አንገቱን አቀፈች።

ሐኪሙ በገመድ የሚታገለውን የውሻ ሰልፍ አየና ወደ እትዬ ታንጉት ዞረ። «እናቴ፣ ትንሽ ፍርፋሪ ተርፎዎት ይሆን? እነዚህንም ቢያግዙን።»

እትዬ ታንጉት ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ገረመሙት። ነጠላቸውን አውልቀው ለዝማሬ ሰጧት።

«ሂጂ፣ ዱባ ላጪ። ለውዙን ግን እኔ ሳልመጣ እንዳትነኪው፤ ታሳርሪዋለሽ።»