ያልታወቀ አድራሻ ሁሉ

ተውፊቅ የሰርቨሩን መዝገብ ሲያነብ አንዲት መስመር ላይ ደርቆ ቀረ። ትናንት አንድ ሰው ከሊቢያ ሆኖ «ሰልሰቢል» የሚለውን አድራሻ ከፍቷል።

ሰልሰቢል ታናሽ እህቱ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ከካርቱም በበረሃ ስትወጣ፣ እሱ በሚሠራበት የአውቶቡስ ትኬት ድርጅት ድረ ገጽ ውስጥ አንድ ገጽ ደብቆላት ነበር። አድራሻውን በብጣሽ ወረቀት ሰጣት፤ ሻርፗ ጠርዝ ውስጥ ሰፍታው ሄደች። ስልክ ቁጥሩን በለወጠ ጊዜ ሁሉ አዲሱን በእጁ ጽፎ፣ ስካን አድርጎ እዚያ ያስቀምጥላታል።

ባለፈው ሳምንት ግን ድረ ገጹን ወደ አዲሱ የድረ ገጽ መሥሪያ፣ ወደ ፐርል ፍሬምወርክ፣ ሲያዛውር፣ አለቃው የሰጠውን የገጾች ዝርዝር ብቻ ተከተለ። ደንበኛ «ገጹ የለም» እንዳይባልም፣ ያልታወቀ አድራሻ ሁሉ በቋሚነት ወደ መጀመሪያው ገጽ እንዲመራ አዘዘ። የእህቱን ገጽ ረሳው። በገዛ ራሱ አፈረ።

የመጀመሪያው ገጽ በአረብኛ ነው። ሰልሰቢል አረብኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። ገጿን አሁን ቢመልሰውም አይጠቅማትም፤ አንዴ «በቋሚነት» ተብሎ የተመራ ኮምፒውተር የድሮውን አድራሻ ዳግመኛ አይጠይቅም፣ በቀጥታ ወደ አረብኛው ይወስዳታል።

አለቃው በሽር በሩን ከፈተ። ወላጆቹ ወሎዬ ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ነው።

«ያ ተውፊቅ! ውሉን የሚፈርሙት ሰዎች በቀትር ሊያዩት ይመጣሉ። ገጹ ተማም ነው፣ አልቋል?»

«ተማም ነው ኡስታዝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ልጨምር?»

«ለማን?»

«ለእህቴ። ትናንት ፈልጋኝ ነበር።»

«ላ፣ ላ። ይሄ የሸሪካ፣ የድርጅት ገጽ ነው። ሰዎቹ ይፈርሙ፣ ነገ ኢንሻአላህ።»

«ነገ ገጹን ላትከፍተው ትችላለች።»

«ሦስት ዓመት ጠብቀህ የለ? አንድ ቀን ምን አለው? ኢቃማህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ያወጣሁልህ እኔ ነኝ፣ አትርሳ። ያላ!»

ወጣ። ካርቱም ውስጥ ይህን ነገር ደውሎ የሚነግረው አንድም ሰው እንደሌለ ተውፊቅ ያን ጊዜ ታወቀው።

መዝገቡን ደግሞ ከፈተው። ከዚያው ከሊቢያው ኮምፒውተር የመጀመሪያው ገጽ ለአምስተኛ ጊዜ ተከፍቷል። አሁን። እዚያ ተቀምጣ የማታነበውን እያየች ነው።

ወረቀት ሳበና በትልልቁ «ሰልሰቢል፣ እኔ ነኝ» ብሎ ከሥሩ ስልክ ቁጥሩን ጻፈ። ስካን አድርጎ የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከድርጅቱ አርማ በላይ ለጠፈው። ከዚያ ምናልባት ቢባረር ብሎ ኢቃማውን ከመሳቢያው አውጥቶ ኪሱ ከተተና ስልኩን ፊቱ አስቀምጦ ተቀመጠ።