መብራት የጠፋበት ፊልም

ፒያሳ ያለው ሲኒማ ቤት ያዘዛትን ቀይ መጋረጃ ወይንሸት ሰፍታ ስትጨርስ ክረምቱ ገብቶ ነበር። ለአንድ ሰው ስለሚከብድ ጎረቤቷን ከሪማን አስከትላ፣ በሸራ ጠቅልለውት ከአፍንጮ በር ይዘውት ወረዱ።

አዳራሹ ውስጥ ማንም አልነበረም። ፊልም የሚያጫውቱት ጋሽ ገብረትንሣኤ መጋረጃውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ጓለይ፣ ልጄ» አሏት። «ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ በሉ። ከመድረኩ ሥር አቧራ የጠጣ ፊልም አግኝቻለሁ፤ ይሠራ እንደሆን ልሞክረው።»

መብራቱ ጠፋ። ግራጫ ባሕር መጣ፣ ጭጋግ፣ ከዚያም ከወደቡ ዳር የቆመች ሴት። ወይንሸት የከሪማን ክንድ ጭምድድ አደረገች።

«እሱ ነው! ያ ፊልም!»

ጣሊያን በወጣ ሰሞን፣ አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ ከባሏ ከመርሻ ጋር እዚሁ አዳራሽ አይታው ነበር። ሴትዮዋ መርከበኛ ባሏን ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ መብራት ድርግም አለ። ሰዉ አፏጨ፣ ወንበር ደበደበ፤ መብራቱ ግን አልመጣም። በማግሥቱ ሌላ ፊልም ተተካ፤ የፊተኛው የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ።

«ይመጣላታል» አለ መርሻ ወደ ቤት ሲሄዱ።

«አይመጣም። እሷም ቁጭ ብላ አትጠብቀውም» አለች ወይንሸት።

ክርክሩ የትዳራቸው ጨዋታ ሆኖ ቀረ። መርሻ ካረፈ ወዲህ ግን ፊልሙን ለጎረቤት ባወራች ቁጥር፣ መርከበኛውን ከሄደበት እየመለሰች ነበር የምትጨርሰው።

አሁን የማሽኑ ድምፅ ከጣሪያው ዝናብ ጋር ተቀላቅሎ ወደዚያን ጊዜ ይመልሳት ጀመር። አጠገቧ የመርሻ እርጥብ ካፖርት የሸተታት መሰላት። ያ መብራት የጠፋበት ቦታ ደረሰ፤ አለፈም። ሴትዮዋ መስኮቷን ዘጋች፣ ትንሽ ጀልባ ላይ ወጣች፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ጭጋጉ ውስጥ ገባች።

«አላልኩህም!» ብላ ወይንሸት ወደ ባዶው ወንበር ጮኸች። ትስቃለች፤ እንባዋም ይወርዳል።

«ኧረ አንቺ!» አለች ከሪማ። «ለእኛ ይመጣል እያልሽ አልነበር እንዴ ስታወሪ የኖርሽው?»

«የመርሻን አጨራረስ ነበር የነገርኳችሁ።»

ጋሽ ገብረትንሣኤ ከማሽኑ ክፍል ሲወርዱ እጃቸውን ይዛ ለመነቻቸው። «ለሰፈሬ ሰው አንዴ ያሳዩልኝ።»

«ይሄን የተቧጨረ ነገር ማን ያየዋል?»

«እኔ አመጣቸዋለሁ።»

እሑድ ከሰዓት ይዛቸው መጣች። ጀልባዋ ጭጋጉ ውስጥ ጠፋች። ከኋላ በኩል ጎረቤቷ እማማ ተናኘወርቅ፣ «ምነው ባሏን ሳታገኝ! የወይንሸት ይሻል ነበር!» ሲሉ ሁሉም በሳቅ ፈነዳ።

ውጭ ፀሐይ ወጥቶ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። ሰዉ በሁለት ተከፍሎ እየተሟገተ ይሄዳል። ወይንሸት መሀል ገብታ ሁለቱንም ስትሰማ ቆየችና፣ በቀስታ፣

«ቆይ እስቲ» አለች፤ «ጭጋጉ ውስጥ ተገናኝተው ቢሆንስ?»

ክርክሩ እንደ አዲስ ተጀመረ።