የአፏ ዳር

ነጭነቱ ግን አላማረኝም፣ ትናንት በመብራት ከንፈር ይመስል ነበር፣ ዛሬ ወደ መስኮቱ ዘንበል ሳደርጋት ገላዋ ሻይ መሳይ፣ የአፏ ዙሪያ ደግሞ ኖራ፣ ቀስ በይ ሬሐና እላለሁ ለራሴ፣ አትተንፍሺባት፣ ከጤፍ ትንሽ ከፍ ያለች ቀንድ አውጣ፣ ድሮ ውሃ ውስጥ ትኖር የነበረች፣ አሁን ድንጋይ የሆነች፣ ከበረረች የተፍኪን ሜዳ ሙሉ ብታበጥሪ አታገኚያትም።

አሪጅ በልታ ይሆን፣ ልጄን አማቴ ጋ ትቻት መጣሁ፣ ጠዋት ግንባሯ ሞቅ ብሎኝ ነበር፣ ወይስ መዳፌ ቀዝቅዞ ነው፣ ስልኩ አልጮኸም፣ አለመጮሁ ጥሩ ነው፣ ወይ ካርድ የላቸውም። አማቴ እንደሆኑ፣ ምራቴ ሱቅ መቀመጥ ሼም ሆኖባት የቀንድ አውጣ አጥንት ትለቅማለች ይላሉ ለጎረቤት፣ ለቀማ አይደለም እማ፣ መለየት ነው፣ ጭቃው ይታጠባል፣ በወንፊት ያልፋል፣ እኔ በብሩሽ ጫፍ አንድ በአንድ አነሳለሁ፣ ይቺ ከዚህ ወገን፣ ያቺ ከዚያ፣ የምታጠራጥረው ለብቻዋ።

ደንቡን ያስተማሩኝ ቅሪተ አካል የሚያጠኑት ዶክተር ብዙነህ ናቸው፣ የአፏ ዳር ቀጭን ከሆነ ገና ልጅ ናት፣ ሳታድግ የሞተች፣ ዳሩ ወፍሮ ከንፈር ካወጣ ግን እድገቷን ጨርሳለች። እና ይቺ ሚጢጢ ከንፈር ካላት ከዚያው ጭቃ የሚወጡት የትልልቆቹ ቀንድ አውጣዎች ልጅ አይደለችም፣ የራሷ ዝርያ ናት፣ ስም ያልወጣላት። ትናንት ከንፈር አላት ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዶክተርም በማጉያው አይተው ጎበዝ አሉኝ፣ ውጭ አገር ላሉ ጓደኞቻቸው ደወሉ፣ ስሟን በተፍኪ እናወጣላታለን አሉ። አሁን ኖራ ነው ልበል? ዝም ብልስ፣ ማን ያያል፣ እኔ አያለሁ።

ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ከንፈሩ የተጋገረ ኖራ ቢሆንስ። መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ያያሉ፣ እንደገና ያያሉ። ሊሆን ይችላል፣ አጽጂያትና እንያት። እኔ? እና ማን፣ የኔ እጅ ስኳር ከያዘኝ ወዲህ ይንቀጠቀጣል። ከተሰበረችብኝስ፣ ሙሉ ሆና የተገኘች እሷ ብቻ ናት። ከተሰበረች አብረን እናለቅሳለን ይላሉ፣ ቀልድ ነው መሰለኝ፣ ፊታቸው ግን አይስቅም።

የአሪጅ ዓይን በአይናር ተጣብቆ ሲነጋ ምን አደርጋለሁ፣ አልጎትትም፣ አረጥባለሁ፣ እጠብቃለሁ። ብሩሹን በምላሴ አረጥባለሁ፣ አስነካታለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ዶክተር ከጀርባዬ ቆመው ይተነፍሳሉ፣ ወዲያ ይሂዱ በናትዎ፣ እሺ እሺ ይላሉ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት? ዶክተሩን? መርፌ አንስቼ በአፏ ጠርዝ፣ ገፋ፣ ገፋ፣ ትንሽ ነጭ ፍርፋሪ ወደቀ፣ ልቤም አብሮ፣ ሌላም ወደቀ።

ቀጭን ነው። ከሥሩ ያለው ዳር የሽንኩርት ልጣጭ ነው፣ ሙሉ፣ ያልተሸረፈ። የትልልቆቹ ልጅ ናት፣ ወይም የራሷ ዝርያ ሆና በልጅነቷ የሞተች፣ ከአንዲት ልጅ ይሄ አይታወቅም።

ዶክተር ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጓደኞቼ ሊስቁብኝ ነው። አዘንኩላቸው፣ ሽማግሌ ሰው አሳፈርኩ። ይሳቁ በቃ አሉ፣ ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ከሚስቁ ይሻላል፣ ወደ አጠራጣሪዎቹ መልሺያት፣ መለያ ወረቀቷ ላይ ስምሽንም ጻፊ፣ ያጸዳ ሰው ስም ይጻፋል።

ጽሕፈቴ ትንሽ ይንጋደዳል፣ አራተኛ ክፍል ያቆመ እጅ ነው፣ መጀመሪያ የጥያቄ ምልክት፣ ከሥሩ ሬሐና። ዛሬ ጎበዝ አላሉኝም፣ እና ጀርባዬ ለምን እንዲህ ቀጥ አለ፣ ዝርያዋን ዶክተሩም አያውቁ፣ እኔም አላውቅ፣ አለማወቃችንን ግን ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጅ፣ ሳልሰብራት።