የአንድ ሰው ጠረጴዛ

«ዛሬ ቁርጡን ንገሪኝ» አሉ አቶ ማሩ በሩ ላይ ቆመው። «ለሰውየው እስከ አሥር ሰዓት መልስ እሰጣለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»

ፈንታነሽ የተቀቀለውን ፓስታ ከነድስቱ አንስታ ማጥለያው ላይ እየገለበጠች ነበር። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነላትና ለጊዜው መልስ ከመስጠት አዳናት።

«ይግቡ እንጂ አቶ ማሩ። በር ላይ ምን ያስቆምዎታል?»

«ከገባሁ ታበይኛለሽ፤ ከበላሁ ደግሞ አፌ ይያዛል። ዘዴሽን የማላውቅ መሰለሽ?» ሳቅ አሉ። ሳቃቸው ግን አልቆየም። «ልጄ፣ እኔ ቤቴን ያከራየሁት ለይሻው ነበር። ሞባይል ሻጩ ቤቱን አድሼ ልግባበት እያለ በየቀኑ ይደውልልኛል። ያንቺን ፊት እያየሁ ዝም አልኩት። አንቺ ግን እስቲ ቤቱን እይው፤ ማን አለ?»

ከጥግ የተቀመጡ ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮች ብቻ ነበሩ። የምሳ ሰዓት ነው። ድሮ በዚህ ሰዓት መቀመጫ ያጣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

«መልሱን ይዤ ራሴ ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ» አለች።

«ደግ። ይሻውን ነፍሱን ይማረው።»

«አሜን።»

አቶ ማሩ ሲሄዱ ሾፌሮቹም ተነሡ። ሒሳባቸውን ከፍለው ሲወጡ አንደኛው ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ነፍስ ይማር እትዬ፤ ያልሰማሁት መንገድ ላይ ሆኜ ነው» አላት። ለእሱም አሜን አለችው። ባሏ ከሞተ ስድስት ወር ሆኖታል። በዚህ ቤት ቀኑ በዚያው ቃል ይጀምራል፤ በዚያው ያልቃል።

ቤቱን ቤት ያደረገው ይሻው ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ ፓስታ የሚሸጥ ሞልቷል፤ እሱ ግን የራሱ ሕግ ነበረው። ብቻውን ገብቶ ብቻውን የሚበላ ሰው አይወድም። እንዲህ ያለ ሰው ከመጣ ክንዱን ይዞ ሌላ ብቸኛ ዘንድ ያስቀምጠዋል፤ ለሁለቱም አንድ ትሪ ያቀርባል። እንጀራ ላይ ፓስታ፣ ፓስታው ላይ በበርበሬ የተሠራ ስጎ። ሹካ የጠየቀውን «እጅህን ማን ወሰደብህ?» ይለዋል። ከእብናት የመጣ የበሬ ነጋዴ ከባንክ ሠራተኛ ጋር፣ ከጉና ወርዶ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ገበሬ ከዩኒቨርሲቲ መምህር ጋር እጃቸው እየተጋጨ ይበሉ ነበር። ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል። ሦስተኛ ቀን ላይ ግን፣ «ያ የትናንቱ ሰውዬ አልመጣም?» ብሎ ይጠይቃል።

መስከረም ላይ አስፋልቱ ዳር ቤላ ቶሬ ፒዛ ተከፈተ። ባሕር ዳርም አለ፤ ጎንደርም አለ፤ አዲስ አበባ ደግሞ በየሰፈሩ አለ ይባላል። ወንበሩ፣ ሥዕሉ፣ የአስተናጋጆቹ ቀይ ሽርጥ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። ተማሪዎቹ በመስታወቱ ፊት ለፊት ፎቶ ሲነሡ ፈንታነሽ፣ «ይሰለቻቸዋል» አለች። ልጇ ደረጄ እዚያው በአስተናጋጅነት ሲቀጠርም፣ «መቼም ሥራ ሥራ ነው» ብላ ተወችው። ያስጨነቋት የዩኒቨርሲቲው መምህራን ናቸው። ፎቶ የማይነሡ ሰዎች ናቸው። እነሱ ሲቀሩ ቤቱ ጭር አለ።

ዛሬ ጠዋት ደረጄ ጫማውን እያሰረ፣ «መምህር ተስፋነህ እኮ በየቀኑ እኛ ጋ ነው የሚበላው» አላት።

«ተዛውሯል አልተባለም እንዴ?»

«ማን አለሽ? አለ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ይመጣል።»

ከዚያ ጀምሮ በልቧ የያዘችው እሱን ነው። የመምህራኑን ቡድን መጀመሪያ ወደ ቤቱ ይዞ የመጣው ተስፋነህ ነበር። እሱ ከተመለሰ ሌሎቹም ይመለሳሉ። እነሱ ከተመለሱ ለአቶ ማሩ የምትሰጠው መልስ አለ። ፓስታውን ከደነችው፣ እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን ለወጠችና በሩን ቆልፋ ወጣች።

የኅዳር ፀሐይ ቢወጣም ነፋሱ ከጉና በኩል ስለት ነበረው። ባጃጅ ሳትይዝ በእግሯ ሄደች። የመስታወቱን በር ልትገፋ ስትል በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት መሆኑን አላወቀችም፤ አንዲት ተማሪ ከውስጥ ሆና ከፈተችላት።

ደረጄ አያትና ትሪውን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«እማ! ምን ሆንሽ? ደህና ነሽ?»

«ምን እሆናለሁ። ሰው የሚበላው ሲርበው አይደል?»

«እዚህ?»

«ክልክል ነው?»

ዙሪያውን ሰረቅ አድርጎ አየ። «አይደለም... ነይ እዚህ ተቀመጪ። እባክሽ ግን እማ፣ ወጥ ቤት እንዳትገቢ። ሰውም እንዳትጠሪ።»

«ሰው ሳልጠራ ልብላ?»

«አዎ። እዚህ እንደዚያ ነው።»

መስኮት አጠገብ ያለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። ግድግዳው ላይ የዘመመ ሕንፃ ሥዕል አለ። «ይኼን ሊወድቅ የደረሰውን ነው የሚያሳዩን?» አለችው፤ ልጇ ግን አልሳቀም። ያዘዘላት ፒዛ ሲመጣ ቁራጩን አነሣች፤ አይቡ ተጎትቶ ተጎትቶ አልበጠስ አለ።

«አይብ ነው ማስቲካ?»

«እማ፣ ቀስ በይ፤ ይሰማሉ።»

ደረጄ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። ፈንታነሽ ብቻዋን ቀረች። ጎረሰች፤ ዱቄቱ ጥሩ ነው፤ ስጎው ጣፋጭ ነገር አለበት፤ በርበሬ አያውቀውም። ይሻው ቢሆን ኖሮ «ለሕፃን ነው የሠሩት» ይል ነበር። ሁለተኛውን ቁራጭ አነሣች። አጠገቧ አንድ ወጣት ስልኩን እያየ ይበላል። ከእሱ ወዲያ አንዲት ሴት ማዳመጫ በጆሮዋ ሰክታለች። ማንም ወደ እሷ አላየም።

ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አንድ ነገር ታወቃት። ከገባች ጀምሮ ነፍስ ይማር ያላት ሰው የለም። እንዴት ቻልሽው ያላት የለም። ማንም ባዶውን የይሻውን ወንበር አይቶ ወደ እሷ አልተመለሰም፤ እዚህ የይሻው ወንበር የለማ። ትከሻዋ ወረደ። ስድስት ወር ሙሉ ትከሻዋን ወደ ላይ ሰቅላ መኖሯን ያወቀችው ሲወርድ ነው። ምግቡን ሳትወደው ጨረሰችው፤ መጨረሷም አሳፈራት። ባሏን የካደችው መሰላት።

ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል ተስፋነህ ገባ። ከስቷል። ጢሙን ካልተላጨ ሰንብቷል። ለማንም ሰላም ሳይል ከኋላ ግድግዳ ጥግ ወደምትገኝ ጠረጴዛ ሄደ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀመጠ። ቀይ ሽርጥ የለበሰች ልጅ ሳይጠይቃት ፒዛውን አመጣችለት።

ፈንታነሽ ወንበሯን አንሥታ ተነሣች። የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቅ ሰው ሁሉ ዘወር አለ። ደረጄ ከሩቅ በእጁ «ተይ» አላት። አልተወችም። ወንበሯን ከተስፋነህ ጎን አስቀምጣ ተቀመጠች።

«ብቻህን ልትበላ ነው መምህር?»

ደንግጦ ሊቆም ሞከረ። «እትዬ ፈንታነሽ! እርስዎ... እዚህ?»

«ተቀመጥ፣ አትነሣ። አንተ ጥለኸን ሄድክ፤ እኛ ተከትለን መጣን።»

እጇ እንደለመደው ሳታስበው ሠራ። ከሰሃኑ አንድ ቁራጭ አነሣች፣ ልታጥፈው ሞከረች፣ ወደ አፉ አስጠጋችው። እንጀራ ቢሆን ይታጠፍ ነበር። ይኼ ግን አልታጠፍ ብሎ አይቡ ጢሙ ላይ ቀረ። አጠገባቸው ካሉት ተማሪዎች አንደኛው ሳቁን በሳል አፈነ። ተስፋነህ ግን አፉን ከፈተ። እምቢ አላላትም። ጎረሰና አቀረቀረ፤ ለብዙ ጊዜም ቀና አላለም። ሲያኝክ ዐይኑ ሞላ።

«ምነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምን ሠራሁህ?»

«ምንም። ከፍቅርተ ወዲህ ያጎረሰኝ ሰው የለም።»

ፍቅርተ ሚስቱ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይመጡ ነበር። ጥር ላይ ልጃቸውን ይዛ አዲስ አበባ እናቷ ዘንድ ሄደች። ለእረፍት ነው ተባለ፤ ከዚያ አልተመለሰችም።

«ታዲያ ለምን ሸሸኸን? ሰው እንዲህ ሲሆን ነው ሰው የሚፈልገው።»

አፉን ጠረገ። የሚናገረውን ነገር መርጦ መርጦ እንደደከመ ሰው ነበር።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ቤትዎ ስገባ በር ላይ ያለው፣ 'ፍቅርተ መቼ ትመጣለች?' ይለኛል። አልመጣችም እለዋለሁ። ትሪው ላይ የሚቀመጠው ደግሞ፣ 'ልጁስ?' ይለኛል። የሰማው 'አይዞህ' ይለኛል። ጋሽ ይሻውም ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሽማግሌ ሆኜ አዲስ አበባ ልሂድ ብለውኝ ነበር። ሁሉም ለደግ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ስንት ጊዜ ልናገረው? አንድ እንጀራ እስክበላ ድረስ ሦስት ጊዜ ትሄዳለች።»

ፈንታነሽ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰብሰብ አደረገች።

«እዚህ ስመጣ» አለ ተስፋነህ፣ «ልጅቷ 'ሌላ የሚጨመር አለ?' ትለኛለች። የለም እላታለሁ። በቃ። በቀን አንድ ጊዜ ምንም ያልሆንኩ ሰው ሆኜ እበላለሁ።»

«ይጥምሃል እንኳን?»

ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ኧረ አይጥምም። የእርስዎን ስጎ እኮ በሕልሜ ነው የማየው።»

«ውሸታም።»

«በማርያም!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አለቀና ተስፋነህ ፊቷን በደንብ አያት፤ ጥቁር ነጠላዋን፣ የሳሱ ጉንጮቿን። ለቅሶው ላይ መጥቶ ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን ሳያያት መክረሙ ትዝ ሲለው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሥራስ እንዴት ነው? ሰው አለ?»

«አለ፤ ምን ይጠፋል።»

ደረጄ ባዶ ብርጭቆ ሊያነሣ መጥቶ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። «የለም መምህር» አለ ድንገት። «ቤቱን ዛሬ ልትለቅ ነው። እናንተ ከቀራችሁ ወዲህ ማንም የለም።»

«አንተ! ማን ጠየቀህ?»

«እውነቱን ነው እማ። ልትለምኚው አይደል የመጣሽው?»

ብርጭቆውን ይዞ ሄደ። ተስፋነህ ሹካውን አስቀመጠ። ጆሮው ድረስ ቀላ። ስንት ዓመት ከአንድ ትሪ የበላ ሰው ነው፤ እምቢ ማለት እንደማይችል ታውቃለች። ከቤቷ ስትወጣም የተማመነችው በዚሁ ነበር፤ መለመን እንኳ ሳያስፈልጋት ፊቷን ካየ እንደሚበቃው።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለ። «አፈርኩኝ። በእግዚአብሔር አፈርኩኝ። ነገ እመጣለሁ። የዲፓርትመንቱን መምህራን በሙሉ ይዣቸው እመጣለሁ። በየቀኑ።»

የመጣችበት ነገር ይኸው፤ ሳትለምን እጇ ገባ። አቶ ማሩ ቤት ሄዳ «ቤቱን አልለቅም» የምትልበት ቃል ይኸው። ነገ ይመጣል። በር ላይ የተቀመጠው አንዱ ሲያየው በደስታ ተነሥቶ ይስመዋል፤ አገላብጦ ይስመዋል፤ ከዚያም «ፍቅርተስ?» ይለዋል። ደግሞ ትሪ ላይ ይቀመጣል። እሷም ከምድጃው ሆና ታየዋለች፤ ለእሷ ሲል ትከሻውን ሰቅሎ ሲበላ።

ተነሣች። ወንበሯን በዚህ ጊዜ ወለሉን እንዳይፍቅ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ነገ አንከፍትም» አለች።

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያም።»